ብርቱ ክንድ በሰው እጅ
(የቦክሰኛው የሶኒ ሊስተን የሕይወት ታሪክ)

በሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት መካከል ስፖርት የማይወድ ወጣት ጥቂት ነው። ከጉባኤ በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ከምናወራው ነገር ግማሹ ስለ ኳስ፣ ስለ ሩጫና ስለ ቡጢ ግጥሚያ ነው። በአንድ እንዲህ ባለ ጭውውት ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም ጉልበትና ችሎታ የተሰጠው ስፖርተኛ በላቡ ሊያድር ሲችል ስለ ምን ከወንበዴዎች ጋር ይወዳጃል? የሚል ነው። በዚያን ዕለት ብዙዎቻችን መልሱ የገንዘብ ፍቅር ነው ብለን ተለያየን። በኋላ ግን የአንድ ታዋቂ ቦክሰኛን ሕይወት ስናጠና መልሳችን ሙሉ እንዳልነበረ ተረዳን። ስለዚህም ያገኘነውን ለእናንተ ልናካፍል ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሙሐመድ አሊን የማያውቅ የለም። አሊ ገና ካሲየስ ክሌይ እየተባለ ሲጠራ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነትን የወሰደው ከማን እንደ ሆነ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተሸነፈው ሰው ቻርልስ ሊስተን፣ በቅጽል ስሙ ሶኒ ሊስተን ይባላል። በዘመኑ ከእርሱ ይልቅ የሚፈራ ቦክሰኛ አልነበረም።

ሊስተን የተወለደው በአሜሪካ በአርካንሶ ክፍለ ሀገር፣ ሳንድ ስላው በሚባል የገጠር ቀበሌ ነው። የተወለደበት ቀን በመዝገብ አልሰፈረም፤ በኋላ ወረቀት ሲያስፈልገው የተጻፈለት ዓመት 1932 ነው። አባቱ ቶብ ሊስተን በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርት ጭሰኛ ነበር። ከሁለት ሚስቶች ሃያ አምስት ያህል ልጆች ወልዷል። በዚያ ቤት ልጅ ማለት እርሻ ላይ የሚሠራ እጅ ማለት ነበር፤ ስለዚህም ትንሹ ቻርልስ ትምህርት ቤት ሳይሆን ጥጥ ማሳ ውስጥ አደገ። አባቱ ክፉኛ ይገርፈው ነበር። ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ የግርፋቱ ጠባሳ ከጀርባው አልጠፋም። በኋላ ዘመን በሸንጎ ፊት ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ፣ ከአባቱ ያገኘው ነገር ቢኖር ዱላ ብቻ እንደ ነበረ ተናግሯል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ እናቱ ሔለን ሥራ ፍለጋ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደች፤ በዚያም ጫማ ፋብሪካ ገባች። ልጁም እናቱን ተከትሎ ወደ ከተማው መጣ። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቢሆንም ሰውነቱ የጎልማሳ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደል ከሚቈጥሩ ትንንሽ ልጆች ጋር መቀመጥ ግድ ሆነበት፤ እነርሱም ሳቁበት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እስከ ዕለተ ሞቱም አጥርቶ ማንበብና መጻፍ አልቻለም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ የምንናገረው ስለ ውልና ስለ ፊርማ ነውና።

በከተማው የተቀበለው መንገድ ነበር። ከሌሎች ሥራ ፈት ወጣቶች ጋር ሆኖ መንገደኛ መደብደብ፣ ነዳጅ ማደያና ትንንሽ ሱቆችን መዝረፍ ጀመረ። በጥር ወር 1950 ተያዘ። በዘረፋና በስርቆት ተፈርዶበትም በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጄፈርሰን ሲቲ ወደሚገኘው የሚዙሪ ክፍለ ሀገር ወኅኒ ቤት ወረደ። ፍርዱ አምስት ዓመት ነበር። እዚህ ላይ ሊስተን በደል የሌለበት የዋህ ነበር ለማለት አንፈልግም። መንገደኞችንና ሱቆችን ዘርፏል።

በዚያ ወኅኒ ቤት እስረኞችን የሚያገለግሉ አሎይስ ስቲቨንስ የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ የእስረኞቹንም ስፖርት ይመሩ ነበር። አባ ስቲቨንስ ይህ በየጊዜው የሚደባደብ ግዙፍ ልጅ ጉልበቱን በሥርዓት እንዲጠቀምበት አስበው የቦክስ ጓንት እንዲያጠልቅ መከሩት። ብዙም ሳይቈይ በግቢው የሚቋቋመው ሰው ጠፋ። በኋላም ከውጭ አንድ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ መጥቶ እንዲሞክረው ተደረገ፤ ሰውየውም ከጥቂት ዙር በኋላ ይበቃኛል ብሎ ወጣ። ቄሱ ደብዳቤ እየጻፉና ሰው እየለመኑ ስላገዙት በጥቅምት ወር መጨረሻ 1952 በአመክሮ ተለቀቀ።

የታሪኩ መገናኛ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ቄሱ ልጁን እስከ ወኅኒው በር ድረስ አደረሱት። ከበሩ ወዲያስ ማን ይቀበለው? ማንበብ አይችልም፤ ከጉልበት በቀር ሙያ የለውም፤ የእስር ታሪክ ያለበትን ጥቁር ወጣት የሚቀጥር መሥሪያ ቤትም በዚያ ዘመን በቀላሉ አይገኝም። እጁን ዘርግቶ የጠበቀው የሴንት ሉዊስ የወሮበሎች አለቃ የነበረው የጆን ቪታሊ ወገን ነው። ለልምምድ የሚሆን ገንዘብ፣ የሚያድርበት ቤትና የቀን ሥራ አገኘ። ፖሊሶች እንደሚያምኑት ሥራው አንዳንድ ጊዜ ጡንቻውን እያሳየ ሠራተኞችን ማስፈራራት ነበር። እንግዲህ ሊስተን ወንበዴዎቹን ፈልጎ አልሄደም። ሌላ ማንም ባልመጣበት ሰዓት እነርሱ መጡለት። መጀመሪያ ያሳዩትም ሽጉጥ ሳይሆን እንጀራ ነበር።

በ1953 የአማተሮችን ታላቅ ውድድር አሸንፎ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ባደረገው የመጀመሪያ የሙያ ግጥሚያ ተጋጣሚውን በግማሽ ደቂቃ ያህል ጣለው። በ1954 ማርቲ ማርሻል የተባለ ቦክሰኛ መንጋጋውን ቢሰብረውም ግጥሚያውን እስከ መጨረሻው ቆሞ ጨረሰ። ነገር ግን አሮጌው ጠባይ ገና አልለቀቀውም። በግንቦት 1956 ከአንድ ፖሊስ ጋር ተጣልቶ ጉልበቱን ሰበረው፤ ሽጉጡንም ቀማው። ዘጠኝ ወር ተፈረደበት፤ ከግጥሚያም ታገደ። በ1958 ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሲሄድ ደግሞ ከትንሹ ወሮበላ እጅ ወጥቶ በትልልቆቹ እጅ ገባ።

እነዚህ ትልልቆች እነማን ነበሩ? ቀዳሚው ፍራንኪ ካርቦ ነው። በወጣትነቱ ሰው ገድሎ የታሰረ፣ በኋላም የአሜሪካን የቡጢ ዓለም ከመጋረጃ ጀርባ የገዛ ሰው ነው። ሁለተኛው የፊላደልፊያው ፍራንክ ፓሌርሞ ነው። አሠራራቸውን ማወቅ ስለሚጠቅም ጥቂት እናብራራ። አንድ ሯጭ ብቻውን ሮጦ ሰዓቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ቦክሰኛ ግን ተጋጣሚ፣ አዳራሽ፣ የግጥሚያ አዘጋጅና የመጋጠሚያ ፈቃድ ከሌለው ጉልበቱ ዋጋ የለውም። በ1950ዎቹ ዓመታት ግጥሚያ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ይታይ ስለ ነበር ብዙ ገንዘብ ይገኝበታል። ካርቦ የቦክሰኞቹን ሥራ አስኪያጆች በጥቅምና በማስፈራራት ስለ ያዘ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋጠም የሚወስነው እርሱ ነበር። ድርሻ ያልሰጠው ቦክሰኛ ለዓመታት ተጋጣሚ ሳያገኝ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ ውርርድ አለ። ተሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበት ግጥሚያ ለሚያውቀው ሰው ያለ ድካም የሚታፈስ ገንዘብ ነው።

ለዚህም ምስክር አለ። ጄክ ላሞታ የተባለው የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ በ1947 ከቢሊ ፎክስ ጋር ባደረገው ግጥሚያ ሆን ብሎ እንደ ተሸነፈ አምኗል። ፎክስ የፓሌርሞ ቦክሰኛ ነበር። ላሞታም ይህን ያደረገው ለሻምፒዮንነት የመጋጠም ዕድል እንዲሰጠው ነው። እንግዲህ አንድ ጀግና የሚገባውን ለማግኘት አስቀድሞ ክብሩን መሸጥ ነበረበት ማለት ነው።

የሊስተንም ውል እንዲሁ ነበር። በወረቀት ላይ ሥራ አስኪያጁ ጆሴፍ ባሮን የተባለ ሰው ሲሆን፣ እርሱ ግን ስሙን ብቻ ያዋሰ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1960 በሴናተር ኢስቴስ ኬፋውቨር የሚመራው ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ እንደ ተገለጸው፣ ከሊስተን ገቢ ላይ ከግማሽ የሚበልጠውን ድርሻ የያዘው ካርቦ ነው፤ ፓሌርሞና ቪታሊም ድርሻ ነበራቸው። ሊስተን ራሱ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። ስለ ውሉ በሚገባ ሊያስረዳ አልቻለም። ያላነበበውን ወረቀት እንዴት ያስረዳ? ሴናተሩም ከነዚህ ሰዎች እንዲለይ መከሩት። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ሥራ አስኪያጁን ለወጠ። በ1961 መጨረሻ ካርቦ ሌላ ሻምፒዮን አስፈራርቶ ገንዘብ በመጠየቅ ወንጀል 25 ዓመት፣ ፓሌርሞ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። የሊስተን ስም ግን ከነርሱ ስም አልተለየም።

በዚያው በ1961 ሊስተን በፊላደልፊያ ሁለት ጊዜ ስለ ታሰረ የመጋጠሚያ ፈቃዱ ታገደ። ሁለተኛ ቄስ በሕይወቱ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። በዴንቨር ከተማ የሚኖሩ ኤድዋርድ መርፊ የሚባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ተቀበሉት፤ መጠጥ እንዲተው መከሩት፤ ማንበብም ያስተምሩት ጀመር። ወራቱ ጥሩ ወራት ነበሩ። ነገር ግን ወራት ብቻ ነበሩ። ፈቃዱ ሲመለስለት ወደ አሮጌው ዓለም ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ ሻምፒዮኑ ፍሎይድ ፓተርሰን ነበር። ሊስተን በጉልበት ቢገባውም እንዲገጥመው ብዙዎች አልፈለጉም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንኳ ፓተርሰንን በ1962 በቤተ መንግሥታቸው አግኝተው ከሊስተን እንዲርቅ መክረውታል። ለጥቁሮች መብት የሚታገሉ መሪዎችም ወንበዴ የሚባል ሰው ሻምፒዮን ቢሆን ትግላችንን ያሰድብብናል ብለው ሠጉ። የኒውዮርክ ባለሥልጣኖች ፈቃድ ከለከሉት። ግጥሚያው በመጨረሻ በቺካጎ መስከረም 25 ቀን 1962 ተደረገ። ሊስተን በመጀመሪያው ዙር በ2 ደቂቃ ከ6 ሰኮንድ ፓተርሰንን በዝረራ አሸነፈ።

ወደ ፊላደልፊያ በአውሮፕላን ሲመለስ ሕዝብ እንደሚቀበለው ተስፋ አድርጎ ነበር። አብሮት የተጓዘ ጋዜጠኛ እንደ ተረከው፣ ከእንግዲህ ለሻምፒዮንነት የሚገባ ሰው እንደሚሆን ለሕዝቡ ለመናገር ንግግር ያዘጋጅ ነበር። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ግን ከጥቂት ጋዜጠኞችና የአየር ማረፊያ ሠራተኞች በቀር ማንም አልነበረም። ሊስተንም ዝም ብሎ ወረደ፤ ያዘጋጀውንም አልተናገረም። በሐምሌ 1963 ፓተርሰንን እንደ ገና በመጀመሪያው ዙር ጣለው፤ ሕዝቡ ግን የፓተርሰን ወዳጅ እንደ ሆነ ቀረ።

ልቡ ድንጋይ እንዳልነበረ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። በመስከረም 15 ቀን 1963 በበርሚንግሃም ከተማ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ፣ ለሰንበት ትምህርት የመጡ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ሊስተን በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ትርኢት በማሳየት ላይ ነበር። ዜናውን ሲሰማ ጕዞውን አቋርጦ ተመለሰ፤ በአገሩም እንዳፈረ በግልጽ ተናገረ።

የካቲት 25 ቀን 1964 በማያሚ ቢች ከወጣቱ ክሌይ ጋር ተጋጠመ። በውርርድ ሰባት ለአንድ የታመነው ሊስተን ነበር። ነገር ግን ከስድስተኛው ዙር በኋላ ትከሻዬን ታምሜአለሁ ብሎ ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። ሁለተኛው ግጥሚያ በግንቦት 25 ቀን 1965 ሊዊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተደረገ፤ የተመለከተውም 2434 ሰው ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዙር አሊ አንድ አጭር ቡጢ ሰነዘረ፤ ሊስተንም ወደቀ። ከተመልካቹ ብዙው ቡጢው ሲያርፍ አላየም። ሐሰት ነው! ተሽጧል! የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

ተሸጦ ነበርን? ስለ ማያሚው ግጥሚያ ዐቃቤ ሕግ መርምሮ የተጭበረበረ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም። የሊዊስተኑም እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ይኖራል። እኛን እጅግ ያሳዘነን ግን ይህ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሸነፋል፤ መሸነፍም ነውር አይደለም። የሊስተን ሽንፈት እውነተኛ እንኳ ቢሆን የሚያምነው አልነበረም። ወሮበሎቹ ከገንዘቡ ሌላ እውነቱን የመታመን ዕድል ወስደውበታል። ገንዘብ ቢጠፋ በሌላ ግጥሚያ ይተካል፤ ይህን ግን የሚተካ ቀበቶ የለም።

ከዚያ በኋላ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ። ለብዙ ጊዜ በአገሩ ተጋጣሚ አጥቶ በ1966 እና በ1967 በስዊድን ተጋጠመ። ከባለቤቱ ከጄራልዲን ጋርም ከዚያ አንድ ልጅ ለማሳደግ ወሰዱ። ኑሮው በላስ ቬጋስ ነበር። የመጨረሻ ግጥሚያውን በሰኔ 29 ቀን 1970 ከቸክ ዌፕነር ጋር አድርጎ አሸነፈ። በጠቅላላው 54 ጊዜ ተጋጥሞ 50 ጊዜ አሸንፏል። በዚያ ዓመት ማብቂያ ባለቤቱ ለገና በዓል ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። በጥር 5 ቀን 1971 ስትመለስ በቤቱ ውስጥ ሞቶ አገኘችው። ከሞተ ቀናት አልፈውት ነበር፤ በደጅ የተከማቸው ጋዜጣም ይህን መሰከረ። ፖሊስ በቤቱ ሄሮይን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ አገኘ። መዝገቡ ግን የሞቱ ምክንያት የሳንባና የልብ ድካም ነው ይላል። በመቃብሩ ላይ ከስሙና ከዘመኑ ሌላ የተጻፈው፣ ሰው እንደ ነበረ የሚናገር አጭር ቃል ብቻ ነው።

ስለ ቡጢ ስፖርት ኬፋውቨር የጠየቁት ሕግ በዘመናቸው አልወጣም። በአሜሪካ የቦክሰኞችን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ በ1996፣ ሥራ አስኪያጅና የግጥሚያ አዘጋጅ በአንድ ጥቅም እንዳይተሳሰሩ የሚከለክልና ገንዘቡ በግልጽ እንዲታወቅ የሚያዝ ሕግ ደግሞ በ2000 ወጣ። ይህ ሁለተኛው ሕግ በሙሐመድ አሊ ስም ይጠራል። ለሊስተን ግን ዘግይቷል።

ይህን ታሪክ በመካከላችን ስንወያይበት ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በድኽነት ያደገ ሁሉ ወንበዴ አልሆነም አልን። ይህ እውነት ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ሰው የሚይዘው የተዘረጋለትን እጅ ነው፤ የተዘረጋለትም የወሮበላ እጅ ነበር አልን። ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ የተስማማነው፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ለሊስተን የሚነገር ሲሆን ሁለተኛው ለእኛ የሚነገር ነው በሚል ነው።

የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ገድል ሁላችን ሰምተናል። እርሱም በጉልበቱ የታወቀ የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ወደ ገዳም ሲመጣ መነኰሳቱ አንድ ቀን መክረው አላሰናበቱትም። ፈተናው በተመለሰበት ቍጥር አባ ኢሲድሮስ ያበረቱት ነበር፤ በመካከላቸውም ኖረ፤ አረጀም። አባ ስቲቨንስና አባ መርፊ መልካም ሠሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ። ከበሩ ውጭ የሚቀበል ማኅበር አልነበራቸውም።

እኛ ግን ማኅበር ነን። በየሰፈራችን ጉልበት ያለው፣ ኳስ የሚችል፣ የሚሮጥ፣ ነገር ግን ከትምህርት የቀረ ወንድም አለ። ከእስር ተፈትቶ የመጣና ሰላምታ የሚሰጠው ያጣም አለ። ፊደል የሚያስቈጥር ጓደኛ፣ ውል ሲቀርብለት የሚያነብለት ሰው፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም አየር ማረፊያ የሚጠብቀው ወገን ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ ቀድሞ መድረስን ግን ይጠይቃል። ወሮበሎቹ ቀድመው መድረስን ያውቁበታልና።